ካሜራ ሲመጣ የተወደድን ሰዎች

እህቴ ከእስራኤል አዳማን ልታይ ስትመጣ ብቻዋን አልመጣችም። ከዚህ አገር የወጡ የቤተ እስራኤል ሰዎችን ታሪክ የሚቀዳ አንድ ወጣት አስከትላ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው። ግን ሰው ሲያወራለት ጆሮው ንግግሩ ላይ አይደለም፤ ዓይኑ ብርሃንና ጥላው ላይ ነው። ስለ ስደት ስታወሪለት «እትዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ይልሻል።

«ባደጋችሁበት ግቢ ልቅረጻችሁ» አለ። አባታችን ከጎንደር መጥቶ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ሲሠራ ተከራይተን የኖርንበት ግቢ ነው። እህቴ ሄደች፣ እኔ አግብቼ ቀረሁ። አሮጊቷ አከራያችን ዛሬም በሕይወት አሉ። የእኔ ሴት ልጅ ሌላ ቦታ ኪራዩን ስላልቻለች እዚያው ግቢ በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ይዛ ልብስ ትሰፋለች። የፈራሁት ይኸው ነው። እህቴ እውነቱን ከተናገረች ልጄ ከነስፌት መኪናዋ ሜዳ ላይ ናት። ባጃጅ ውስጥ ለመንኳት።

«ልጁ ለምን ሄዳችሁ ካለሽ፣ ኢየሩሳሌም ናፍቆን ነው በይ።»

«እሱም አለበት።»

«እሱን ብቻ በይ።»

«አንቺ መቼም ጥላሽንም ትፈሪያለሽ» አለችኝ። «እሺ፣ እሱን ብቻ እላለሁ።»

አከራያችን ነጭ በነጭ ለብሰው፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ጠበቁን። «አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ፣ የኔ ልጆች!» አሉን። የኔ ልጆች! እዚያ ግቢ ስንኖር እንዲህ ተብለን አናውቅም። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ለካሜራው ማውራት ጀመሩ።

«እነዚህን ያሳደግኋቸው እኮ እኔ ነኝ። ከአንድ ሞሰብ ነው የበላነው። ሲለዩኝ ዓይኔ እስኪጠፋ አለቀስኩ።»

ወጣቱ እንባ አቀረረ። እኔ ሳቄን ዋጥኩት። እናታችን በሃይማኖታችን ሕግ የሌላ ሰው ቤት ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። አከራያችንም የእኛን ጣሳ ላለመንካት በእግራቸው ነበር የሚገፉት። ኪራይ ሲቀበሉ ግን እጃችንን ተጸይፈው አያውቁም፣ ደስ ብሏቸው ነበር የሚቆጥሩት።

እህቴ ተራዋ ሲደርስ ቃሏን ጠብቃ ስለ ናፍቆት ትንሽ ተናገረች። ስትጨርስ ሕፃኑ ሳቀላት። ጎንበስ ብላ «አንተ ቆንጆ!» አለችው።

የአከራያችን እጅ ከአፋቸው ቀደመ። ነጠላቸውን ስበው የሕፃኑን ፊት ሸፈኑትና «ትፍ፣ ትፍ» አሉ።

ካሜራው ይቀዳል። በአዳማ ቀትር፣ ቆርቆሮው እየተንጣጣ፣ ሕፃኑ ከነጠላው ሥር ይጮኻል።

«እማማ፣ ይሞቀዋል እኮ፣ ይግለጡት» አለ ወጣቱ። ያን ሁሉ አገር ዞሮ ታሪክ የለቀመ ሰው፣ አፍንጫው ሥር የሆነው አልገባውም።

«ብርድ ነው» አሉ።

እህቴ ዞራ አየችኝ። ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት አፌ ያኔ አመለጠኝ።

«ብርድ አይደለም። ቡዳ ናት ብለው ነው። በዓይኗ እንዳትበላባቸው። ያኔ የጎረቤት ልጅ ሲታመም እናታችን በላችው ብለው ሰፈሩን ሰብስበው ያስወጡን እሳቸው ናቸው። እህቴ የሄደችው ለዚህ ነው።»

«አንቺ! ልጅሽ በማን ቤት እንዳለች ረሳሽው?»

«አልረሳሁም፣ እማማ።»

ሕፃኑን ይዘው ገቡና በሩን በኃይል ዘጉት። ዞርኩ። ልጄ የክፍሏ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች፤ መለኪያ ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አስወጣሁሽ፣ ልጄ።»

«ተይው እማዬ። ሕፃኑ ባሳለ ቁጥር ዓይኔን ፈርተው መስኮትሽን ዝጊ ይሉኛል። ቤት መፈለግ ከጀመርኩ ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትጨነቂያለሽ ብዬ ነዋ!»

ወጣቱ ካሜራውን ይዞ ግራ ገብቶት ቆሟል። «ይሄኛው ከፊልሙ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» አለ።

እህቴ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። «ይቆይ። አሁን እንደገና ጠይቀኝ» አለችው።