በተዋናይዋ ልብስ ወንዝ የተሻገረችው አክስቴ

ባለፈው እሁድ ለንደን፣ ዌምብሊ ባለው ቤታችን ሸሚዝ ስተኩስ፣ ከቴሌቪዥኑ የፈረስ ኮቴ ውሃ ሲረግጥ ሰማሁና ቀና አልኩ። ልጄ የድሮ የሳፋሪ ፊልም ከፍታ ነበር።

ያን ፊልም ሊያነሱ ፈረንጆች አዋሽ ሲመጡ ልጅ ነበርኩ። ዋናዋ ተዋናይ አዞ ያለበትን ወንዝ በፈረስ መሻገር ስለፈራች፣ ፈረስ ላይ ያደገችውን አክስቴን የእሷን ልብስና ባርኔጣ አልብሰው ላኳት። ፈረሱ እስከ አንገቱ ሲሰጥም እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አክስቴ ግን ማዶ ወጥታ፣ ውሃው ከልብሷ እየተንጠባጠበ ስትስቅ አየኋት።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሲታይ ከአክስቴ ጋር አብረን ሄድን። ወንዙ ጋ ሲደርስ ሲኒማ ቤቱ በጭብጨባና በፉጨት ተናጋ፤ የአክስቴ ጀርባ ብቻ ነበር የሚታየው።

"እትዬ፣ ፊትሽ የታለ?" ብዬ አንሾካሾክሁላት።

"ፊቴ ምን ያደርግልሻል? ጀርባዬን እዪው፤ የፈራ ይመስላል?"

ጀርባ እንዴት እንደሚፈራ ያኔ አልገባኝም።

"ማሚ፣ ይሄ እኮ ፌክ ነው!" አለች ልጄ አሁን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ፈረሱ ወንዙን ሲሻገር እያየች።

"አይደለም፤ የኔ አክስት ናት።"

ፊቴን አየችና ሪሞቱን አንስታ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። ሁለታችንም አክስቴ ወንዙን ስትሻገር አየናት።

"ስሟ ማን ነው?" አለችኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ ከሚያልፉት ስሞች መካከል የእሷ የለም። "ዘነበች" አልኳት ጮክ ብዬ፣ "ዘነበች ነው ስሟ።"