ጎረቤታችን የባለመሬቱ ልጅ

መቱ ውስጥ ከሱቃችን አጠገብ የሚኖሩት እትዬ የባለመሬት ልጅ ነበሩ፤ አባቴ ደግሞ የዚያው ባለመሬት ጭሰኛ ልጅ። ሁሩሙ ያለው የቡና መሬታችን ድሮ የእነሱ ነበር፣ ለእኛ ያደረሰው አብዮቱ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳውም። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሱቃችን በር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሐኪም የከለከላቸውን ስኳር አንዱ ለሌላው ይጨምራል።

ትምህርት ቤት ታሪክ በኦሮምኛ ስንማር፣ ንጉሡ ለምን እንደወረዱ መጽሐፉ ብዙ ምክንያት ይደረድር ነበር። አባቴን ስጠይቀው አንድ ብቻ ነገረኝ።

«አባቴን በኢድ ቀን የባለመሬቱ ሰዎች ማር አሸክመው ወሰዱት። ዛሬ በዓላችን ነው ቢላቸው፣ የእናንተን በዓል መንግሥት አያውቀውም አሉት።»

ስለዚህ ወጣቱ ሁሉ ሰልፍ ሲወጣ እሱም «መሬት ላራሹ» እያለ ጮኸ። ለመሬቱም ለሃይማኖቱም ነበር፤ ለእሱ ሁለቱ አይለያዩም። እትዬን ግን ጠልቷቸው አያውቅም፣ እንዲያውም ይሳሳላቸዋል።

አንድ ጠዋት እትዬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ያን መሬት አሳየኝ» አሉት።

አባቴ ደነገጠ። መሬቱን ይወስዱብኛል ብሎ አይደለም። እዚያ ቆመው ቢያለቅሱ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ሻይ አብረን እንጠጣለን ብሎ ነው። እናቴም «ምን አስቸኮላችሁ፣ ቢቀርስ?» ብላ አጉረመረመች። እሱ ግን ለእትዬ እምቢ ማለት አያውቅበትም።

በሚኒባስ ሄደን ሁሩሙ ወረድን፤ የቀረውን በእግር፣ እኔ የእትዬን ክንድ ይዤ። ቡናው መሃል ስንደርስ አባቴ የአባታቸው ቤት የነበረበትን ሊያሳያቸው እጁን አነሳ። እትዬ ወደዚያ ዞር አላሉም።

«የእናንተ ቤትስ የት ነበር?» አሉ።

አባቴ ጥቂት ራመድ ብሎ አንድ የቡና ዛፍ ሥር ቆመ። ከባለመሬቱ ግቢ ሰው ቢጣራ የሚሰማበት ቦታ ነው።

«ይህን ያህል ቅርብ ነበር?» አሉ። «የእስላም ቤት አይገባም እየተባልኩ አደግሁ። አንድ ቀን እንኳ አልገባሁም፣ አንድ ቀን!»

አለቀሱ። የፈራነው ደረሰ፤ እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

አባቴ ጋቢውን አወለቀና የረገፈው ቅጠል ላይ አነጠፈው። ከዚያ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ሴና፣ እትዬ» አለ በኦሮምኛ። «ይግቡ።»

እትዬ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ።