ቃሬዛ የሚያሳልፍ በር

ተወልጄ ያደግኩት ሐይቅ ከተማ፣ ከድሮው ኮሌጅ አጥር ሥር ነው። ኋላም እዚያው ኮሌጅ የሕንፃ ንድፍ አስተማሪ ሆንኩ። ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ያ የድንጋይ አጥር ይከፈት፣ ግቢው ከከተማው ጋር ይገናኝ ተባለና ሁለት ሰዎች ንድፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ባልደረባዬ።

የእኔ ንድፍ ያምር ነበር። በአስፋልቱ በኩል ሰፊ በር፣ የመስታወት ቤተ መጻሕፍት፣ መሃል ላይ ፏፏቴ። ሐይቅ ዳር ላለ ከተማ ፏፏቴ ምን ያደርግለታል ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም።

እሱ ግን ወረቀት ሳይነካ በፊት ቂሬው ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ። ቂሬ እኛ ጋ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሬሳ የሚያነሳ የሰፈር ማኅበር ነው። "ሰው ሲሞት በየት በኩል ነው የምታሳልፉት?" ብሎ ጠየቃቸው። ወደ መቃብሩ የሚያደርሰው የጥንቱ መንገድ ግቢው ውስጥ እንደቀረ፣ አጥሩ ከተሠራ ወዲህ ሬሳ ተሸክመው በአስፋልቱ እንደሚዞሩ ነገሩት። ባዶ ቃሬዛ ለአራት ሰው አሸክሞ በየማዕዘኑ እያዞረ ለካ። የጥንቱን መንገድ ከፍቶ፣ በሰፈራችን በኩል በሩን የነደፈው በዚያ ልክ ነው።

ቀናሁበት። አያቴንና ሁለት አጎቶቼን በዚያ ዙሪያ መንገድ የተሸከምኩ እኔ፣ ነገሩን ያየው ግን እሱ! አባቴ ራሱ ከቂሬው ሲመለስ፣ "ማሻ አላህ፣ ወላሂ የጨዋ ልጅ ነው" አለኝ። የእኔን ንድፍ ሳሳየው "ያምራል" ብሎ መነጽሩን አወለቀ።

የእሱ ንድፍ ተመረጠ። እኔ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩና አስተያየት ስጥበት ተባልኩ። "አስከሬን በመማሪያ ክፍሎች መሃል ማለፉ የመማር ማስተማሩን ሂደት ያውካል፤ ለጸጥታም ያሰጋል" ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ጸጥታ ከተባለ የማይቆም ሥራ አልነበረም። ንድፉ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ እኔ ለሥራ አዲስ አበባ ነበርኩ። መንገዱም ስልኩም ተቋረጠ። የአባቴን መሞት የሰማሁት መንገድ ተከፍቶ ደጃችን ስደርስ ነው፤ ከተቀበረ ከወር በላይ ሆኖታል።

ለቅሶ ላይ የቂሬው ዳኛ አጠገቤ ተቀመጡ።

"አብሽር ልጄ" አሉኝ። "አጥበን፣ ከፍነን፣ ሰግደንበት ነው የቀበርነው። ግን አስፋልቱ በከባድ መኪና ተሞልቶ፣ ተኩሱ እየቀረበ፣ ሦስት ጊዜ የመንገዱ ቦይ ውስጥ አስተኝተነው ሸሽተናል። የዚያ ልጅ በር ተከፍቶ ቢሆን ከደጃችሁ ቀጥ ብለን እንገባ ነበር። ማን እንደከለከለን እስከ ዛሬ አናውቅም።"

ይህን ሲሉኝ ባልደረባዬ ሊያስተዛዝነኝ ገባ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ብድግ አሉለት። እኔ ስገባ እንደዚያ አልተነሡም። በአባቴ ለቅሶ ላይ እንኳ ይህን ቆጠርኩ።

መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ። እጄን ሲጨብጠኝ አልቻልኩም።

"ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩት በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ። ግልባጩ ያኔውኑ ደርሶኝ ነበር።"

ይህን ሁሉ ዓመት ከእነዚህ ሽማግሌዎች ጋር ሲቀመጥ ሲነሣ አንድም ቀን ስሜን አላነሣም። እኔ ብሆን በማግስቱ ከተማው ሁሉ ይሰማ ነበር። እንዲህ በመሆኑም ቀናሁበት፤ ከንድፉ ይልቅ ይኼ ባሰኝ።

ዳኛው ወደ እኛ ዞር ብለው፣ "ምን ትባባላላችሁ?" አሉ።

እሱ አንገቱን ደፋ። ተነሥቼ ቆምኩና፣ አባቴን ቦይ ውስጥ ያስተኛሁት እኔ መሆኔን ለቂሬው ተናገርኩ።