ሰባተኛው ብረት

ከአምቦ እስከ ባኮ እኔን የሚያህል ጊታር አስተካካይ የለም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ብመካም ሐቅ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ሰው ጊታሩን ይዞልኝ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። እጁ ከባድ ከሆነ ክሩን ከፍ፣ ቀላል ከሆነ ዝቅ አደርግለታለሁ። ጫማ በእግር ልክ እንደሚሰፋ ጊታርም በእጅ ልክ ይስተካከላል።

ባለፈው ቅዳሜ ጫልቱ መጣች። አስተማሪ ናት፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው ትጫወታለች። የጊታሯ ክር ከፍ ብሎ ጣቷን ቆራርጧት ነበር። የእሷን ስፈታታ እሷ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ቀይ አሮጌ ጊታር አውርዳ ትነካካ ጀመር። ጣቷ በሁለተኛው ክር፣ በአንገቱ ላይ በመደዳ ከተቀበሩት ቀጫጭን ብረቶች በሰባተኛው ላይ ሲያርፍ ጊታሩ እንደ ዝንብ ጢዝ አለ። ደገመችው። ጢዝ።

«ጋሽ ተካ፣ የሰዉን ሁሉ እያስተካከሉ የራስዎን እንዲህ ይተዉታል?» አለችኝ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የምሰጠው መልስ አለኝ፤ «እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው» እላለሁ። ውሸት ነው። ቅዳሜ ዕለት ግን አፌ እምቢ አለ።

ያ ጊታር የቀበሌያችን ነበር። በአብዮቱ ጊዜ ከአንድ ሆቴል ተወርሶ ለኪነት ቡድናችን ተሰጠ። ለአንዱ ጊታር ሁለት ተጫዋቾች ነበርን፤ እኔና ገመቹ። ገመቹ ወንጪ ተወልዶ የፈረስ ልጓም እየሳበ ያደገ ነው፤ ክሩንም እንደ ልጓም ነበር የሚይዘው። ሆለታ አንድ የወታደር ሙዚቀኛ አስተምሮታል። እኔ ደግሞ ጭልሞ ደን ውስጥ ለእንጨት ሰንጣቂዎች መጋዝ እየሞረድኩ ነው ያደግሁት። ሞረድ የሚያውቅ እጅ አይጫንም፤ ያስነካል እንጂ።

ጠባችን የክር ከፍታ ነበር። እሱ ክሩና ብረቱ መሃል ሁለት ክብሪት እንጨት ተደራርቦ እንዲያልፍ ይፈልጋል፤ እኔ የአንድ ክብሪት ስንጣቂ ይበቃኛል። እሱ ጠዋት በካቻቢቴ ብሎኑን ያነሣል፣ እኔ ከሰዓት አወርዳለሁ። «ይሄ ጊታር ነው ወይስ የልብስ ማስጫ ገመድ?» እለዋለሁ። «አንተ መች ትጫወታለህ፣ ታሻሸዋለህ እንጂ» ይለኛል። እኔም የሰው ተማሪ መሆኑን አነሣበታለሁ፤ አንተ ያስጠኑህን ነው የምትጫወተው፣ እኔ ግን የፈጠርኩትን እለዋለሁ። አንድ ቀን ለዚህች ነገር በጥፊ መታኝ። እኔም የማይክራፎኑን ማቆሚያ አንሥቼ ቅንድቡን ገመስኩት። ሐኪም ቤት ሄዶ ተሰፋ። በማግስቱ ፋሻውን እንደጠመጠመ መጥቶ ክሩን ከፍ አደረገው።

ስለዚህ ማንም መልሶ የማያነሣውን ነገር ለማድረግ ቆረጥኩ። ብሎን ይመለሳል፤ የተሞረደ ብረት አይመለስም። ክሩ ዝቅ ሲል የሚንጫጫው ብረቶቹ እኩል ስላልነበሩ ነው፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ካስተካከልኳቸው እስከ ፈለግሁት ማውረድ እችላለሁ። ከድስት ቂጥ የፋቅሁትን ጥላሸት በዘይት ለውሼ የብረቶቹን አናት ቀባሁ። ከዚያ ሞረዱን በቁመቱ አስተኝቼ ገፋሁ። ጥላሸቱ የለቀቀበት ከፍ ያለው፣ የቀረበት ዝቅ ያለው ነው። ምላጭ በሦስት በሦስቱ ላይ እያጋደምኩ ፈተሽኩ፤ ምላጩ ካልተወዛወዘ እኩል ሆነዋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከራሴ ነው ያመጣሁት። ልጨርስ ስል ወደ ጉደር የሚወስደን ኦራል መኪና ጡሩንባውን ነፋ። ቸኮልኩ። ሞረዱ አዳለጠኝና ከሁለተኛው ክር ሥር ሰባተኛውን ብረት ጎድጎድ አደረገው። ክሩን ዝቅ አድርጌ ስነካው ጢዝ አለ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ኑጉ አብቦ መሬቱ ቢጫ ነው። ገመቹ እናቱ የላከችለትን ጭኮ በቅጠል ጠቅልሎ ይዞ ነበርና ለሁላችንም ቆረሰ፤ ለእኔም። የገብሱና የቅቤው ጣዕም እስካሁን ከአፌ አልጠፋም። እየላስኩ በልቤ እስቅ ነበር።

ጉደር መድረክ ላይ ቀድሞ የወጣው እሱ ነው። የሰልፉን መዝሙር በዚያ በልጓም እጁ ሲጀምረው ክሮቹ ከብረቶቹ ጋር እየተጋጩ እንደ ቆርቆሮ ተንጫጩ፤ ሰባተኛው ብረት ላይ ሲደርስማ ባሰ። ከአውራጃው የመጡት ባለሥልጣኖች ተያዩ። ሕዝቡ ሳቀ። ገመቹ ጎንበስ ብሎ ብረቶቹን ሲያይ የሞረዱን ፋና አየ። ማይክራፎኑ እንደተከፈተ ነበር።

«አሻጥር ነው» አለ። «ተካ ነው የሞረደው።»

ድምፅ ማጉያው ይህን ለጉደር ሁሉ አሰማ። ገመቹ ከመድረክ ወርዶ ከመኪናው ጀርባ ያዘኝና ግንባሬን ከበሩ ጋር ደጋግሞ አጋጨው። እኔም አውራ ጣቱን ነክሼ አጥንቱ ጥርሴን እስኪነካ አልለቀቅሁም። በዚህ መሃል አብዮት ጠባቂዎች ደርሰው እጄን የፊጥኝ ማሰር ሲጀምሩ የገመቹ ፊት ተለወጠ። «ዺሳ፣ ተዉት፣ የእኔና የእሱ ነገር ነው» አላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከሳምንት በፊት የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ሞተር አቃጠለ፣ አሻጥረኛ ነው ተብሎ በዚሁ በጉደር መንገድ ተረሽኖ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ነበር። ሁላችንም አይተነዋል። ዝናብ አፉን ሞልቶት ነበር።

አምቦ መልሰው በቀበሌው መጋዘን አሰሩኝ። ተዘቅዝቄ ውስጥ እግሬን ተገረፍኩ። ጩኸቴን ለማንም አልሰጥም ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ፤ ደፋር ነበርኩ፣ ይህንን ጠላቴም አይክደኝም። ግን አንድ ሞኝነት ሠራሁ። «እግሬን እንደፈለጋችሁ፣ እጄን ብቻ ተዉልኝ» አልኳቸው። ገራፊው ቆም አለና አየኝ። ከዚያ ፈትቶ አወረደኝ፣ ግራ እጄን ሲሚንቶው ላይ አስዘረጋና በጠመንጃ ሰደፍ መታው። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ሲሰበሩ ድምፃቸውን ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሕዝቡ በቀበሌው ሜዳ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጊታሩን ከነአምፕሊፋየሩ አስወጣ። ነገሩን አጭር አደረገው፤ ንብረቱ የሰፊው ሕዝብ ነው፣ የሚሠራ ከሆነ ተካ ይለቀቃል፣ ከተበላሸ ግን… አለና ወደ ጉደር መንገድ ተመለከተ። ፈታኝ ያደረገው ከሳሹን ነበር፤ ገመቹን።

ገመቹ ጊታሩን አነገተ። በጨርቅ የታሰረውን አውራ ጣቱን አየ፣ የእኔን ያበጠ እጅ አየ፣ ከዚያ ጀመረ። ያንን መዝሙር ሰባተኛውን ብረት ሳይረግጡ ማለፍ አይቻልም፤ ቢያንስ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። የሰባተኛውን ብረት ድምፅ ከዚያ ቦታ ሌላ የት እንደምትገኝ አላውቅም ነበር። እሱ በቀስታ፣ እንደ እኔ እያስነካ፣ ወደ ሰባተኛው ብረት ወጣ። ሊደርስ ሲል እጁን ወደ ጊታሩ ራስ መለሰና ቀጭኑን፣ የመጀመሪያውን ክር ሁለተኛው ብረት ላይ ተጫነ። ያችው ድምፅ ጥርት ብላ ወጣች። ዙሩ በተመለሰ ቁጥር እንደዚያው አደረገ፤ ሦስተኛው ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

«ታዲያ ጉደር ላይ ምን ሆነ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«እጄ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እኔ ነኝ የከበድኩበት።»

ሊቀመንበሩ ከአጠገቡ የቆመውን ጠመንጃ ነጥቆ ገመቹን አፉ ላይ በሰደፍ መታው። ሁለት ጥርሱ አፈሩ ላይ ወደቀ። ጊታሩን ግን አልለቀቀም፤ ደሙን በክንዱ እየጠረገ ይዞልኝ መጣ። እኔም እንድጫወት ታዘዝኩ። ክር የሚጫን ሁለት ጣት ብቻ ነበረኝ። ክሩ በገመቹ ከፍታ ቢሆን ኖሮ አንዱንም ባልተጫንኩ፤ ዝቅ በማለቱ ግን ለተሰበረ እጅም ታዘዘ። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ። ያቺ ድምፅ ስትመጣ ግን ገመቹ ወዳሳየኝ ቦታ ሄድኩ።

ተለቀቅሁ። አላመሰገንኩትም፤ እሱም ይቅርታ አላለኝም። ክሩ ግን በእኔ ከፍታ ቀረ። በዓመቱ ለጦር ግንባር ተመልምሎ፣ አስፋልቱ ዳር በቆመ መኪና ላይ ሆኖ አየኝና በጎደለ ጥርሱ፣ «ስመለስ ከፍ አደርገዋለሁ» አለኝ።

«አንተ ተመለስ እንጂ፣ እኔ መልሼ ዝቅ አደርገዋለሁ» አልኩት።

አልተመለሰም። ደርግ በወደቀ ሰሞን ያ መጋዘን ሲዘረፍ ሰው ስኳርና ጎማ ተሸክሞ ወጣ፤ እኔ ጊታሩን። ብረቱን መቀየር ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ጫልቱ አሁንም መልስ ትጠብቃለች። እነዚያን ጠማማ ጣቶቼን ይዤ ተነሣሁና እጇን ከሰባተኛው ብረት አንሥቼ ወደ ጊታሩ ራስ፣ ቀጭኑ ክር ላይ አስቀመጥኩት። ነካችው። ጥርት አለ። ፈገግ ብላ «ይህችን ደግሞ ከየት አገኟት፣ ራስዎ ነዎት የፈጠሯት?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። «ይህችን አስተምረውኝ ነው። ገመቹ የሚባል የወንጪ ሰው።»