አልኮልና ኩል

ሰሞኑን ሆሳዕና ክሊኒክ ሄጄ ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንዴን በእርጥብ ጥጥ ጠረገችኝ። ቀዝቀዝ አለኝ፤ ያ ስለታም ሽታም አፍንጫዬ ገባ።

"አባባ፣ ገና ሳልወጋዎት እንባዎት መጣ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ሽታው ነው ብዬ አለፍኳት። ለአንተ ግን ልንገርህ።

ያኔ ሆሳዕና አቅራቢያ፣ ፎንቆ ነበርን፤ ወላጆቻችን ሞተው እኔና ታላቅ እህቴ ብቻችንን። ጌታን ከተቀበልኩ ዓመት አልሞላኝም፤ አዲስ አማኝ ደግሞ ታውቃለህ፣ ከሰባኪውም ይብሳል። ሰባኪው "አልኮል ቤታችሁ አይግባ" ብሎናል። ቤት ውስጥ የምንናገረው ሀዲይኛ ስለሆነ አልኮል የምትባለዋን ቃል የሰማሁት ከእሱ ነው፤ ለእኔ ትርጉሟ አንድ ነበር፣ ኃጢአት።

አንድ ጠዋት እህቴ እንሰት ስትቆርጥ ቢላዋው አዳልጧት እግሯን መታት። ከጤና ጣቢያ እያነከሰች ጥጥና ትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች።

"ምንድን ነው?"

"ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ነው የሰጠኝ። ቁስሉን በአልኮል ጥረጊ አለኝ።"

"በምን?"

"ጠጪ አላለኝም እኮ፣ ጥረጊ ነው ያለኝ።"

"ዛሬ እግር ከጠጣ ነገ አፍ ይከተላል" አልኳትና ጠርሙሱን ነጥቄ እንሰቱ ሥር ደፋሁት። ጓሮው በሙሉ ሸተተ።

እሷ ሳቀች። "እንግዲህ እንሰቱ ሰክሮ እንዳይወድቅብን" አለች።

ቁስሉ አመረቀዘ። "ድሬሰሩ ጋ ልመለስ" ስትለኝ "ጸሎት ይበቃል" አልኩ። እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው። ትኩሳቱ ሲጥላት ጎረቤት ጠርቼ በቃሬዛ ሆሳዕና አደረስናት። ሐኪሙ እግሯን ገልጦ አየና፣ "እስካሁን የት ነበራችሁ?" አለ።

ሰሞኑን ታዲያ ከክሊኒኩ ስመለስ ኬሚስትሪ የሚያስተምረውን የልጅ ልጄን፣ አልኮል የሚለው ቃል ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኩት።

"ከዐረብኛ ነው፣ አያቴ። አል ኩህል፤ ኩል ማለት ነው።"

"የቱ ኩል?"

"ሴቶች ዓይናቸውን የሚኳሉት ነዋ።"

ጥንት ተራውን ብረት ወርቅ እናደርጋለን የሚሉ ሰዎች ነበሩ አለኝ። ድንጋይ ፈጭተው ያላሙትን ዱቄት በዚያ ስም ጠሩት፤ ቆይቶም ተጣርቶ የወጣን ምርጥ ነገር ሁሉ፤ በመጨረሻ ከወይን ጠጅ የሚወጣውን፣ መንፈስ የሚሉትን።

ኩሉን ከጃጁራ ገበያ ለእህቴ የምገዛላት እኔ ነበርኩ። አንዱን በእጄ ቤት አስገባሁ፣ ሌላውን በእጄ ደፋሁ።

ሆስፒታል ተኝታ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። በሕይወቷ መጨረሻ ቀን ብቻ እጄን ይዛ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለችኝ በቋንቋችን። "መድኃኒት ነው ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? ስሙን ለምን ነገርኩህ።"