ከባዱ ሌንስ በሴቶቹ ክፍል

«ቆሟል! ምሰሶውም ቆሟል፣ ሰዉም ቆሟል!»

አክስቴ እንዲህ እየጮኸች ከሱቋ የውስጥ ክፍል ስትወጣ እኔ በር ላይ ጀሪካን እያጠብኩ ነበር። ጀሪካኑን ለቀቅኩት። ውሃው ቀሚሴን አራሰው፣ ግን ማን ልብ ብሎት።

«ካሜራውስ?» አልኳት። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም።

«ደህና ነው! ካሴቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ምስሉ አይንቀጠቀጥም፣ አይዘምም። ደህና ነው ወላሂ!»

ከሠርጉ ቀን ወዲህ እሷም እኔም በቅጡ አልበላንም ነበር። እዚያው መንገድ ላይ ተቃቀፍን። ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ፣ «ምን አገኛችሁ? ለእኛም አካፍሉን እንጂ!» አለ።

«የሴቶች ጉዳይ ነው፣ አይመለከትህም» አለችው አክስቴ።

ለእሱ አልተነገረውም እንጂ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። ትምህርት ቤት የምንጽፈው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። አማርኛውን የለቀምኩት ከአክስቴና ከወዲያ ማዶ፣ ከኢትዮጵያው በኩል፣ ከሚመጡ ደንበኞቿ ነው። ድሮ በአማርኛ ለመጻፍ አፍር ነበር። ዛሬ ግን ደስታው አላስቀምጥ አለኝ።

እኛ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ሠርግ ሲኖር ወንዱ ለብቻው ሴቱ ለብቻው ነው። ወንድ ካሜራ ይዞ ሴቶቹ ዘንድ አይገባም። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ገልጠው፣ ሂና ተቀብተው፣ እንደ ልባቸው ነው የሚጨፍሩት። እነሱን የምታነሳው አክስቴ ናት። ሌላ ሥራ የላትም። ያ በካሴት የሚሠራ ትንሽ ካሜራ እንጀራዋ ነው። እሱ ከተሰበረ ሱቁ ይዘጋል፣ የእኔም የትምህርት ነገር እዚያው ያበቃል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ካሜራውን ከቦርሳው በምታወጣበት አኳኋን ነው ያወቅኩት፤ የተኛ ሕፃን የምታነሳ ነው የሚመስለው።

የሠርጉ ባለቤት የማንያታ ሰፈር ሴት ነበሩ። ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ ሱቃችን መጥተው የተቀመጡት በቅሬታ ነው።

«ባለፈው ትልቋን ስድር ክፍሉ ጠበበሽና ግማሹን ሰው ቆረጥሽብኝ» አሏት አክስቴን። «እህቶቼ ከኡራን በጭነት መኪና ተንገላተው መጥተው! አንደኛዋ ክንዷ ብቻ ነው የታየው። በአምባሯ ነው ያወቅናት!»

አክስቴ ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ «ማማ፣ ወደ ኋላ እንዳልሸሽ ግድግዳ ነው። ግድግዳውን ልግፋው?» አለቻቸው።

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ሁሉንም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እፈልጋለሁ።»

አክስቴ ያን ጊዜ ነው ከመደርደሪያው ሥር ከባዱን ሌንስ ያወጣችው። ከወዲያ ማዶ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ዕቃ ሲሸጥ አንድ ነጋዴ ያመጣላት ነው። የፊልም ማሳያው ማሽን ዓይን ነበር። ወፍራም ብረት ውስጥ የተቀመጠ ወፍራም መስታወት፤ በአንድ እጅ ለረጅም ጊዜ አይያዝም። ሥራው ደግሞ የሚገርም ነው። ፊት ለፊት ያለውን ነገር ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ያስገባል፣ ቁመቱን ግን አይነካም። ስለዚህ በካሜራው ስታዩ ሰው ሁሉ ሸንበቆ ይሆናል። በኋላ አክስቴ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ጎን ስትለጥጠው ሰው ወደ መልኩ ይመለሳል፣ ክፍሉም በስፋቱ ይታያል።

ማማ በካሜራው አጮልቀው አዩኝና፣ «ያ ረቢ! ይቺ ልጅ ምን ነካት?» አሉ። ከዚያ ተራቸውን እሳቸው ፊት ለፊት ቆመው፣ «እኔን እዚያው ቀጭን አድርገሽ ተዪኝ፤ መልሰሽ አትለጥጪኝ!» ብለው ሱቁን በሳቅ ሞሉት።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ዓይኔ የካሜራው አፍንጫ ላይ ነበር። አፍንጫው ፕላስቲክ ነው፣ የሌንስ ማሰሪያው ጥርስ እንደ ክር ቀጭን ነው። ያን ብረት እዚያ ላይ ማንጠልጠል ማለት...

«እንዴት ነው የሚሸከመው?» አልኳት ማማ ከሄዱ በኋላ።

«አይሸከመውም። ብረት ነው የሚሸከምለት።»

ፉንዲው ዘንድ ሄድን። የጭነት መኪና አካል የሚበይድ ጎረቤታችን ነው። ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ብረት ቆረጠልን። ካሜራው በብረቱ የኋላ ጫፍ ላይ በቡሎን ይታሰራል፣ ሌንሱ ከፊቱ በብረት ቀለበት ውስጥ ይገባል፣ ቀለበቱ ብረቱ ላይ ተበይዷል። ጠፍጣፋው ብረት ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ ይወጣል። ክብደቱ ሁሉ ብረቱ ላይ ያርፋል፣ የካሜራው አፍንጫ ሌንሱን በጥርሱ ነካ አድርጎ ይይዛል እንጂ አይሸከምም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ቀለበቱ ነው። ከውሃ ቧንቧ የተቆረጠ ስለሆነ ሰፋ፤ ሌንሱ ውስጡ ይንገዋለላል። ፉንዲው ሌላ ሊሠራልን ሲል ስቲማ ጠፋ፤ መብራቱ ቶሎ አልመጣም፣ ሠርጉ ደግሞ ደረሰ።

እንግዲህ እኛ ሞያሌዎች አንድ አመል አለን። የላላ ነገር ስናይ ከመነዳሪ ነው የሚታየን። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ጥቁር ላስቲክ ሲቀደድ ስስ ስስ ተደርጎ ይተለተላል፤ ጭነት የሚታሰረው በሱ፣ አልጋ የሚጠገነው በሱ፣ በር የሚዘጋው በሱ ነው። አክስቴም በሌንሱና በቀለበቱ መሐል ከመነዳሪ ጠቅልላ ወተፈችበት። የመጨረሻውን ማሰሪያ የሳበልን መኪና የሚጭን ጎረምሳ ነው።

«በዚህ ስንት ግመል አስረናል፣ ይሄ ጠርሙስ ያቅተዋል?» አለኝ።

«ግመል ቢወድቅ ተነስቶ ይሄዳል» አልኩት።

«አንቺ ፈሪ!»

ፈሪ ነኝ፣ አልዋሽም። ጠዋት በቀዝቃዛው ሱቅ ውስጥ ሞከርነው። ይህ ሌንስ ትንሽ ከዞረ ምስሉ ሁሉ ይዘማል፣ በሩም ምሰሶውም ሰዉም ሰካራም ይሆናል። ስለዚህ አክስቴ ዓይኗን ካሜራው ላይ አድርጋ የሱቁን በር መቃን እያየች፣ እኔ ሌንሱን አዞርኩ። «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በይ... አለፍሽው፣ መልሽ... በቃ! እዚያው!» ከዚያ የሌንሱን እይታ ለብቻ የካሜራውን ለብቻ አጠራን፤ ሁለቱ በየራሳቸው ካልጠሩ ምስሉ ጭጋግ ነው። ሲስተካከል በቀይ ኩቴክሴ ከሌንሱ እስከ ቀለበቱ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከዞረ መስመሩ ይቆረጣል፣ እናውቃለን ማለት ነው።

አክስቴ ብረቱን ነቀነቀችው። ንቅንቅ አላለም። «አየሽ?» አለች።

የሴቶቹ ክፍል ረጅምና ጠባብ ነበር፣ ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ። ጥግ ላይ ስንተክለው ገና ሰው አልሞላም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ፣ ሴቶቹም ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ፣ ቆርቆሮው ከላይ እሳት ይተፋ ጀመር። ከበሮው ተመታ። ምንጣፉ በእግራቸው ተናወጠ። አክስቴ ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላለች። እኔ ከጎን ቆሜ ቀዩን መስመር ብቻ ነው የማየው።

መጀመሪያ ላቤ ዓይኔ ገብቶ መሰለኝ። ጠረግኩት። መስመሩ ተቆርጧል። ጥቂት ነው፣ የጥፍር ስባሪ ያህል። ከዚያ ከሌንሱ በላይ፣ በቀለበቱና በከመነዳሪው መሐል፣ ብርሃን አየሁ። ላስቲኩ በሙቀት ለስልሶ እየተለጠጠ ነው። የሌንሱ አፍ ወደ ታች ሲያዘነብል የኋላው ጫፍ የካሜራውን አፍንጫ ወደ ላይ ይገፋዋል። «ቅጭ» አለ። በዚያ ሁሉ ከበሮ መሐል ሰማሁት። አክስቴም ሰማችው፤ አንገቷ ድርቅ ሲል አየሁ።

በዚያው ቅጽበት በሩ ላይ እልልታ ቀለጠ። ሙሽራዋ መጣች።

አክስቴ ብታቆም ሙሽራዋ የገባችበት ምስል የለም፤ ሙሽራ ደግሞ ተመልሳ አትገባም። ባታቆም አፍንጫው ይገነጠላል። ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ አመድ ሆኗል። እጄን ከሌንሱ ሥር ከተትኩና ደገፍኩት።

እንዴት እንደሚከብድ! መዳፌ ላይ ግሏል፣ በላብ ይንሸራተታል። ጣቴ ወደ መስታወቱ ቢወጣ ምስሉ ላይ ይገባል፣ እጄ ቢዞር ምስሉ ይዘማል፣ ዝቅ ቢል ደግሞ አፍንጫው... በሌላው እጄ ቀስ ብዬ መስመሩን መልሼ ገጠምኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። አንዲት የኡራን እንግዳ እየጨፈረች ክርኗ ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። በአጠገቤ አለፈ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የአክስቴ ሱቅ በዚህ ክንድ ላይ ነው ያለው አልኩ በልቤ፣ ያን ካልኩ በኋላ ደግሞ ይበልጥ ተንቀጠቀጠ።

እጅ እንደማይዘልቅ ገባኝ። ከሥር የሚገባ ነገር ያስፈልጋል፣ በብረቱና በሌንሱ መሐል፣ የማይለጠጥ። ዙሪያዬን አየሁ። ምንጣፍ ብቻ ነው። ጫማችንን ሁላችንም በር ላይ አውልቀናል።

ጫማ!

«እትዬ!» አልኳት አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት። «እባክሽ ጫማ አምጪልኝ!»

«ልትሄጂ ነው? ሙሽራዋ ገና ሳትቀመጥ?»

«አልሄድም! ጫማ ብቻ፣ የማንም ይሁን!»

«የማንም? ሌባ ነሽ እንዴ አንቺ ልጅ?»

«ወላሂ ካሜራው ሊሰበር ነው!»

ክንዴን አየችና ተነሳች። ተመልሳ የመጣችው ባለ ረጅም ተረከዝ ወርቃማ ጫማ ይዛ ነው። «ስስ! የላስቲክ ስስ!» አልኳት ልቅሶ እየታገለኝ። «መምረጥም አለ?» እያለች ተመለሰች። ሁለተኛ ስትመጣ ሰፋ ያለ የቤት ሲሊፐር ይዛለች። በነፃ እጄ ተቀብዬ፣ አጥፌ፣ ከሌንሱ አፍ ሥር ሰነቀርኩት። ልክክ አለ። እጄን ቀስ ብዬ ሳብኩ።

ሌንሱ አልወረደም።

እዚህ ላይ የተረፍኩ መስሎኝ ነበር። ግን ሙሽራዋ እየመጣች ነው፣ የጫማው ሶል ደግሞ ወደ እሷ ፊት ለፊት ዞሯል። እኛ ዘንድ የጫማ ሶል ሰው ላይ አይዞርም፣ ያውም ሙሽራ ላይ። በሻርፔ ጫፍ ልሸፍነው ስታገል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ሲሊፐሬን ማን ነው የወሰደው? ሻይ ላወጣ በባዶ እግሬ ልሂድ?»

የሙሽራዋ እናት ናቸው። ያቺ ያመጣችልኝ ሴት በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። ማማ መጡ። ጎንበስ አሉ። ሻርፔን ገለጥ አደረጉና የራሳቸውን ጫማ ከመስታወቱ ሥር፣ በልጃቸው ፊት አዩት።

«እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሌንሱ ሊወድቅ ሆኖ...»

«እሱ ከሌለ ይወድቃል?»

«አዎ።»

ቀና ብለው ክፍሉን አዩ። እህቶቻቸው ከዳር እስከ ዳር ተደርድረው ይጨፍራሉ። ሻርፑን መልሰው በሲሊፐሩ ላይ አለበሱት።

«አትንኪው በቃ» አሉኝ። በባዶ እግራቸው ወጥተው ሻይ ሲያድሉ ዋሉ።

ሠርጉ አለቀ፣ ፍርሃቱ ግን አላለቀም። ያ «ቅጭ» ያለው ምኑ እንደሆነ አላወቅንም። ሌንሱን ፈትተን አፍንጫውን በጣት ስንነካው ከውጭ ምንም አይታይም። «ውስጡ ተነቅሎ ከሆነ የምናውቀው ከካሴቱ ነው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል» አለች አክስቴ። ካሴቱን ግን አልከፈተችውም። ቁጭ ብላ ታየዋለች፣ ታነሳዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ደንበኛ መጥቶ ለሚቀጥለው ሠርግ ሲጠይቃት «እናያለን» ትለዋለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ክፍት መሆኑን ከሩቅ ሳላይ አልረጋጋም ነበር። ዛሬ ግን የውስጡ ክፍል ብቻዋን ገብታ በሩን ዘጋችና አየችው። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ወሬው ማንያታ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ማማ እያለከለኩ መጡ፤ ትንሽ አሳየናቸው። ሸንበቆ የነበሩት እህቶቻቸው በሙሉ ስፋታቸው ወጥተው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲጨፍሩ አዩ። «አምባሯም አለ፣ ፊቷም አለ!» ብለው በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። አክስቴ የሚቀጥለውን ሠርግ ተቀብላለች፣ ፉንዲውም ልኩን የጠበቀ ቀለበት ሠርቶ ጨርሷል፤ ከሥሩ የብረት መደገፊያ አለው።

ማማ ሊወጡ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ቤቴ እናየዋለን። ሰው የምትጠሪው አንቺ ነሽ። የምታውቂያትንም የማታውቂያትንም ጥሪ።»

እንግዲህ ጠራሁ። ይህን የምታነቡ ሴቶች ሁሉ፣ ከእኛው ሰፈር ከጎዶማም ሁኑ ከወዲያ ማዶ፣ ሐሙስ ማንያታ ኑልን። ቤቱን እልልታው ያሳያችኋል። ወንዶች አትቀየሙን፣ ለእናንተ የወንዶቹ ካሴት አለላችሁ። ክፍሉ ጠባብ ነውና ትንሽ እንገፋፋለን፣ ሙቀቱም አይጣል ነው። ግን ኑ። ሻይ አለ፣ እኔም በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።