በሰው ስም የወሰድኩት ሥልጠና

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በምትገባበት ትንሽ መስኮት ሥር ጋቢውን ደርቦ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሰው እንደ ጆንያ በተጠቀጠቀበት በዚያ የደብረ ታቦር ፖሊስ ጣቢያ ክፍል ውስጥ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ለእኔ ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ በጣቱ ያሳየኝ ከበሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ነው። እስር ቤትም ቀድሞኛል አልኩ በሆዴ። ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ስለ ልጆቹ ወይም ስለ ነፍሱ ያስባል ይባላል። እኔ ያሰብኩት ስለ መስኮቷ ነው።

ሁለታችንም የመንገድ ጥገና ካምፕ ሠራተኞች ነበርን። እሱ ግሬደር ይነዳል፤ እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱን እጠብቃለሁ። በስሙ የሚጠራው ጥቂት ነው፤ ካምፑ ሁሉ ባለግሬደሩ ይለዋል። ከገሳይ እስከ ወረታ እሱን የማያውቅ ሻይ ቤት አልነበረም። ጎርፍ የበላውን መንገድ ሲያስተካክል ገበሬው ከማሳው ወጥቶ ሰላም ይለዋል። እኔን ሰላም የሚለኝ ብሎን ወይም ዘይት ፈልጎ የመጣ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ዕቃው ካለ ነው።

የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ግን እኔ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው፣ ደብዳቤ የምጽፈው፣ ስብሰባ የምጠራው እኔ። ባሕር ዳር ላይ የሦስት ቀን የማኅበር ሥልጠና አለ፣ አንድ ሰው መርጣችሁ አስመዝግቡ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ ከእኔ ሌላ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ለስብሰባው አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ሠራተኛው እጁን ያወጣው ለእሱ ነው። ለእኔ ሦስት እጅ ወጣ፤ አንዱ የራሴ ነው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ፣ የመመዝገቢያውን ቅጽ በእሱ ስም ሞልቼ ማኅተም አስመትቼ የላክሁትም እኔ። ብዕሩን በጣም ተጭኜው ስለነበር ስሙ ከሥር ባለው ወረቀት ላይ ሳይቀር ታትሟል።

ሥልጠናው ሲቃረብ እናቱን ቁርጥማት ጣላቸውና ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዟቸው ወረደ። የመጥሪያው ደብዳቤ የመጣው እሱ በሌለበት ነው። ቀኑ የሚቀጥለው ሰኞ ነበር። የተመዘገበው ሰው ካልተመቸው አስቀድሞ በስልክ አሳውቆ ሌላ መተካት እንደሚቻል ከሥሩ ተጽፏል። አልደወልኩም። ብደውል ሊቀመንበሩ ይሰማል፣ ሠራተኛው ይሰበሰባል፣ እንደገና እጅ ይወጣል። ያን ሦስት እጅ ደግሜ ማየት አልፈለግሁም። የዓመት ፈቃድ ሞልቼ እሑድ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሐሙሲት ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ወንዛዬ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ለአንድ መንገደኛ ብናገር በዚያው ቀን መልእክቱ ይደርሰው ነበር። ሻይ ጠጣሁ፤ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ስም ተጠራ። የእሱ ስም ሲጠራ «አለሁ» አልኩ። መታወቂያ የጠየቀኝ የለም። ሦስት ቀን በእሱ ስም ተጠራሁ፣ በእሱ ስም ፈረምኩ፣ በመጨረሻም በእሱ ስም የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ስም ስጠራ ሰው ሁሉ የሚወደኝ ይመስለኝ ነበር። ስመለስ የምስክር ወረቀቱን ግምጃ ቤት ውስጥ ከአሮጌ ጎማዎች ሥር ደበቅሁት። እሱንም ሥልጠናው ላልታወቀ ጊዜ ተላልፏል አልኩት። አመነኝ።

ከዚያ አገር አቀፉ ምርጫ መጣ፤ ከምርጫው በኋላ ደግሞ እስሩ። ከአሠልጣኞቹ አንዱ አድማ ጠርቷል ተብሎ ሲያዝ፣ የሠልጣኞቹ የፊርማ ወረቀት ቤቱ ተገኘ። ከደብረ ታቦር የነበረው አንድ ስም ነው፤ የእሱ። ከግሬደሩ ላይ አወረዱት። በሦስተኛው ቀን እኔን ከግምጃ ቤት ከቃለ ጉባኤ መዝገቤ ጋር ወሰዱኝ።

መርማሪው ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ወንበር ሰጠኝና የፊርማውን ወረቀት ገፋ አደረገልኝ።

«ይህ ሰው አልሄድኩም ይላል። ጸሐፊው አንተ ነህ። ሄዷል አልሄደም?»

የገዛ እጅ ጽሕፈቴ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«አላውቅም» አልኩ።

«እስክታውቅ እዚህ ትቆያለህ። እሱ ግን ካላመነ ከነገ ወዲያ ባሕር ዳር ይሄዳል።»

በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ተወሰደ የተባለ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን እያወቅሁ ነው ወደዚያ ክፍል የገባሁት፤ ይህን እያወቅሁ ነው በመስኮቷ የቀናሁት።

እንዳየኝ ተነሥቶ አቀፈኝ። ከገሳይ ዘመዶቹ የላኩለትን ቅቅል ድንችና በሶ አካፈለኝ። ስንቁ ለሦስት ሰው ይበቃል። በላሁ፤ እየበላሁም ቀናሁ። እስረኞቹ ስም አውጥተውለታል፤ «አሠልጣኝ» ይሉታል። ለሠራተኛው ሲል የታሰረ ሰው ነው እያሉ ቦታ ይለቁለታል፣ ጋቢውን ያነጥፉለታል። ያ ክብር በትክክል የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ፣ በመሬት ክርክር የታሰሩ አንድ የፋርጣ ሽማግሌ ወደ እሱ ዞሩ።

«እስቲ ልጄ፣ ያሳሰረህን ትምህርት ለኛም ንገረና። እንዲያው ከምንቀመጥ።»

«አባቴ፣ እኔ አልተማርሁም አልሁዎ እኮ።»

«እሱን ለመርማሪው በለው። እኛ ምን አረግንህ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና ትንሽ አሰበ።

«ወንፈል ይወጣሉ አይደል?»

«እንዴት አልወጣ! አዝመራው በምን ሊሰበሰብ ነው?»

«በአጨዳው ቀን አንዱ ብቻውን ሄዶ ባለማሳውን፣ ምሳው አንሷል ቢለው ምን ይባላል?»

«ሆዳም ይባላላ!»

«ሁላችሁም ማጭዳችሁን አስቀምጣችሁ፣ አንድ ሰው መርጣችሁ ብትልኩስ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ምሳው ይጨመራል።»

«ማኅበር ማለት ይኸው ነው።»

እኔ ይህንን ነገር ለማወቅ ግማሽ ቀን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ስገለብጥ ነው የዋልኩት። አራት ገጽ ጽፌ ነበር። እሱ ወንዛዬ እናቱን እያጠበ ከርሞ በሦስት ጥያቄ ጨረሰው። ደሜ ፈላ። ያ ሥልጠና የእኔ ነበር፤ ሰርቄም ቢሆን የእኔ ነበር።

«ባለማሳው እሺ ካለ እንግዲህ አለቀ፤ ቃል ቃል ነው» ሲል አላስቻለኝም።

«አላለቀም!» አልኩ ከባልዲዬ አጠገብ። «ተጽፎ ሁለቱም ወገን ካልፈረሙበት የኅብረት ስምምነት አይባልም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተነግሯል።»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝ።

«አንተም ነበርህ እንዴ?»

«ከሰው ሰምቼ ነው» አልኩ።

ሌሎቹ ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

ከሰዓት በኋላ ለሽንት ቤት ስንሰለፍ ከኋላዬ ቆመ። ውጭው ጭቃ ነው፤ ከጉና ተራራ የሚመጣው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል።

«ወረቀቱን ሲያሳዩኝ ጽሕፈትህን አወቅሁት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ስንት ዓመት አይቸው።»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል አብሬ ተራመድኩ።

«አውቶቡሱ ሐሙሲት ላይ ቆሞ ነበር?»

«ቆሞ ነበር።»

«ብትልክብኝ እመጣ ነበር። እናቴ ያን ሳምንት ተሽሏት ነበር።»

«ለምን አልነገርሃቸውም?»

«ማን እንደጻፈው? የማኅበር ሰው የማኅበር ሰው አይጠቁምም። ይህን አላስተማሯችሁም?»

«አላስተማሩንም» አልኩ።

ቢሰድበኝ፣ አንቆ ግድግዳ ላይ ቢያጣብቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። ተራው ደረሰና ገባ። በዚህም በለጠኝ ብዬ አፈር አፈር እያየሁ ቆምኩ።

በሚቀጥለው ቀን ማለዳ ከግቢው የመኪና ድምፅ ተሰማ። በሩ ተከፈተና አንድም ቀን አይተነው የማናውቅ ፖሊስ ወረቀት ይዞ ቆመ። ከባሕር ዳር የመጣ ነው። የባለግሬደሩን ስም ጠራ። እሱ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ጋቢውን ማጠፍ ጀመረ፤ በሰው እግር መሐል እስኪያልፍ ጊዜ ይወስዳል። ለበሩ የምቀርበው እኔ ነበርኩ።

«አለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። ካቦው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ ተመለከተ። «ተው አንተ! እሱ አይደለም» አለ ባለግሬደሩ ከኋላ።

«እኔ ነኝ» አልኩ ፖሊሱን። «ያን ጊዜም አለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ያደረግሁት ሁሉ ከጸጸት ነው ብል እዋሻለሁ። ግማሹ ጸጸት ነው። ግማሹ ያው ቅናት ነው፤ በእኔ ሥልጠና እሱ እንዲታሰርበት አልፈለግሁም።

ፖሊሱ ግራ ገብቶት ወደ መርማሪው ወሰደኝ። መርማሪው ባዶ ወረቀትና ብዕር ሰጠኝ። የእሱን ስም ሦስት ጊዜ ጽፌ፣ በየሥሩ ሦስት ጊዜ ፈረምኩ። ወረቀቱን ከሥልጠናው የፊርማ ወረቀት ጎን አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። የምስክር ወረቀቱ ያለበትንም ነገርኩት፤ ሰው ልኮ ከጎማዎቹ ሥር አስመጣው።

«ለምንድን ነው በሌላ ሰው ስም የገባኸው? ማን ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። ቀንቼበት ነው» አልኩ።

ብዕሩን እንዳነሣ ቀረ። ከዚያ ሌላ መልስ ይጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ ይህኛው የት እንደሚጻፍ ቸገረው።

ባለግሬደሩን በሳምንቱ ለቀቁት። እኔ በዚያች መኪና ሄድኩ፤ ሰባት ወርም ቆየሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማንሣት አልወድም። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከደብረ ታቦር ስንቅ ይዞልኝ የሚመጣው እሱ ነበር። የእናቱን በሶ ያመጣልኛል፣ የካምፑን ወሬ ያወራልኛል፣ ስለ ሐሙሲት ግን አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም። በዚህም ቀናሁበት። እኔ ብሆን አልመጣም ነበር።

ዛሬ ሁለታችንም ጠጉራችን ነጥቷል። እሱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ለአዳዲስ ሠራተኞች ሥልጠና የሚሰጠውም እሱ ራሱ ነው። ባለፈው ክረምት እኔንም ጠራኝ። ከኋላ ተቀመጥኩ። የወንፈሉን ምሳሌ ሲያነሣ አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም የዱሮው ቅናት ተነሣብኝ። እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ምሳሌውን ሲጨርስ ወደ እኔ ቀና ብሎ «ተጽፎ ሁለቱም ካልፈረሙበት ግን አላለቀም» አለ።

የፊርማው ወረቀት እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። የራሴን ስም ጻፍኩ፤ ከሥሩም ፈረምኩ። ሊሰበስብ ሲመጣ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«የኔን ስም ግን አሳምረህ ትጽፈው ነበር» አለኝ።